የኋላው ወንበር

ሟቹ ጫማውን አውልቆ ነበር የተኛው። ጫማዎቹ ጎን ለጎን ከአውቶቡሱ የኋላ ረጅም ወንበር ሥር ተቀምጠዋል፤ ካልሲዎቹ ተጣጥፈው በየጫማው ውስጥ ገብተዋል። ባለቤታቸው በጀርባው ተንጋሎ፣ እጆቹን ሆዱ ላይ አጣምሮ፣ ምሳውን በልቶ ሸለብ ያደረገው ሰው ይመስላል። ጉንጮቹ ቀልተዋል። ሐኪሙ ክንዱን ባነሳው ቁጥር ወንበሩ የተሸፈነበት ግልጽ ፕላስቲክ ይንኮሻኮሻል።

«ከእኔ የተሻለ ጤነኛ ይመስላል» አለች መርማሪዋ።

«መልኩ አያታልልሽ» አለ ሐኪሙ። «ከሞተ ከአንድ ሰዓት ብዙም አይበልጠው። ቁስል የለ፣ ግብግብ የለ። የገደለው የተነፈሰው ነገር ነው። ምን እንደሆነ ደሙ ሲመረመር እነግርሻለሁ፤ እሱ ደግሞ ነገ ነው።»

መርማሪዋ ይህን የሰማችው የፊተኛው በር ደረጃ ላይ ቆማ ነው። ከልጅነቷ ጀምሮ አውቶቡስ ያጥወለውላታል፤ የቆመ እንኳ አይምራትም። በግድያ ምርመራ አሥራ አንድ ዓመት ስትሠራ ሬሳ አይታ ፊቷን አዙራ አታውቅም፤ አውቶቡስ ስታይ ግን ወዲያው ክፍት መስኮት ትፈልጋለች። ሽታ ከሩቅ ስለምትለይ ባልደረቦቿ «አፍንጫ» የሚል ስም አውጥተውላታል። እሷም ስሙን አልጠላችውም።

«ምርመራ የሚያስፈልገው ነገር የለም» አለ የፖሊስ ጣቢያው አዛዥ ከውጭ ሆኖ። «ጽዳት ሠራተኛዋ ናት። ሟቹ ጠዋት ከሥራ አባረራት፤ በሰው ሁሉ ፊት ‹ትንፋሽህን ይቁረጠው!› ብላ ረገመችው። ወንበሩ ሥር ያገኘነው ደግሞ የእሷ ባልዲና የእሷ በረኪና ነው። ሰውየው ተኝቶ ሳለ ደፍታበት፣ በሩን ዘግታ ሄደች። አሥር ሰዓት ላይ ፍርድ ቤት አቀርባታለሁ። ነገ እነዚህ አውቶቡሶች ይመረቃሉ፤ ትልልቅ እንግዶች ይመጣሉ። ገባሽ?»

«ገብቶኛል። አሁን ስንት ሰዓት ነው?»

«ስምንት።»

«እንግዲያው ሁለት ሰዓት አለኝ።»

ጋራዡ ውስጥ አሥራ ሁለት የከተማ አውቶቡሶች በሁለት ረድፍ ቆመዋል። ባለፈው ዓመት ተሳፋሪ አፍንጫውን ይዞ የሚገባባቸው፣ ወንበራቸው የተቦጫጨቀ፣ መስኮታቸው በካርቶን የተደፈነ አሮጌዎች ነበሩ። አሁን ቀለም ተቀብተዋል፣ መስታወታቸው ተቀይሯል፣ ወንበራቸው አዲስ ልብስ ለብሷል። ሟቹ የእድሳቱ ኃላፊ ነበር። «ለተሳፋሪ ምቾትና ንጽሕና» የሚል ጽሑፍ በየግድግዳው ያሰቀለውም እሱ ነው። እንግዶቹ ሳያዩ የወንበሮቹ ፕላስቲክ እንዳይነሳ አዝዞ ነበርና፣ በጥፍሩ የጫረውን ሠራተኛ ሦስት ቀን ከሥራ ያግድ ነበር። ሠራተኞቹም በበኩላቸው «ፕላስቲክ» ብለው ሰየሙት። የሚታየውን እያሳመረ የማይታየውን እንዳላየ የሚያልፍ ሰው ነበር። እንዲህ ዓይነቱን ሰው ሞቷል ተብሎ መውደድ ያስቸግራል።

ጽዳት ሠራተኛዋን ያስቀመጧት የጥበቃው ክፍል ውስጥ ነው። ገና ሃያ አምስት የማይሞላት ቀጭን ሴት ናት። እጆቿ በካቴና ታስረዋል፤ የሸሚዟ ደረት በሁለት በኩል ርሷል።

«ውኃ ፈሰሰብሽ እንዴ?» አለች መርማሪዋ።

«ወተት ነው» አለች ሴትዮዋ፣ ፊቷን አዙራ። «ልጄ አምስት ወሯ ነው። ሴት ናት። ጎረቤት ጋ ትቻት ነው የምመጣው፤ በምሳ ሰዓት ሄጄ አጠባታለሁ። ዛሬ የሠራሁበትን ሒሳብ ስጠብቅ ቆይቼ ሳልሄድ ተያዝኩ። ጡጦ አትቀበልም። ማረፊያ ቤት ካስገቡኝ ማን ያጠባታል? እባክዎት፣ እኔ አልገደልኩትም።»

«የበረኪናው ጠርሙስ እሽጉ አልተነካም፤ ባልዲው ውስጥ ያለውም ንጹሕ ውኃ ነው። አዛዡ አላሸተተውም፤ እኔ ግን አሽትቼዋለሁ።»

«ታዲያ ለምን አይፈቱኝም?»

«ሌላ ሰው ካላመጣሁለት በጄ አይልም። ለምንድን ነው ያባረረሽ?»

«በክር። ዛሬ ጠዋት ከኋላው ወንበር ሥር ሦስት አራት ቁራጭ ጥቁር ክር አገኘ። ‹ንጽሕና ማለት ይኼ ነው?› ብሎ ዓይኔ ሥር አምጥቶ አራገፈብኝ። ትናንት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ያንን ወለል ተንበርክኬ በእጄ ነው የጠረግኩት! ክር አልነበረም። በልጄ እምላለሁ።»

«ከዚያ በኋላ ማን ገባ?»

«ቁልፉ የጥሩምባ ነው፤ የሹፌሩ። ግን ግድግዳው ላይ ምስማር አለ፤ እዚያ ሰቅሎት ይሄዳል። ያሻው ያነሳዋል።»

ሹፌሩ «ጥሩምባ» የተባለው ለእግረኛም ለድመትም ጥሩምባ ስለሚነፋ ነው። ድምፁም እንደዚያው ነው። የኮቱ ሁለተኛ ቁልፍ በክር ፋንታ በቀጭን ሽቦ ታስሯል።

«ሞተሩን ማን አስነሳው?»

«እኔ ነኛ! ደንብ ነው። የታደሰ አውቶቡስ ሁሉ መስኮቱ ተዘግቶ፣ ቆሞ አንድ ሰዓት ይሠራል። ወንበሩ፣ መስታወቱ እንዳይንቀጫቀጭ ይደመጣል። አድማጩ እሱ ነው። እሱ ‹የምቾት ፍተሻ› ይለዋል፤ እኛ ‹የፕላስቲክ እንቅልፍ› እንለዋለን። እኛ ምሳ ስንሄድ ጫማውን አውልቆ ከኋላ ይጋደማል። ሰባት ሰዓት ላይ ልቀሰቅሰው ገባሁ፤ አልነቃም።»

«አዘንክ?»

«እውነቱን ልንገርሽ፣ እህቴ? አላዘንኩም።» ድምፁ ዝቅ አለ። «ከሦስት ዓመት በፊት ሰባት ቁጥር የምትባል አውቶቡስ ነበረችኝ። ያሳደሳት እሱ ነው። ወለሏ ተበስቶ ጭስ ታስገባ ነበር። ነገርኩት። ‹ምንጣፍ አልብሱት› አለ፤ አለበሱት። አንድ ቀን መጨረሻው ፌርማታ ላይ ስደርስ ተሳፋሪው ሁሉ ራሱን ይዞ ወረደ። አንዲት ልጅ ብቻ የኋላው ወንበር ላይ እንደተኛች ቀረች። ‹እህቴ፣ ደርሰናል› ብዬ ትከሻዋን ነካሁ። ደብተሯ ከጭኗ ላይ ወደቀ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ እኔ አንድ ዓመት ከአራት ወር ታሰርኩ። እሱ ተሾመ።»

ከኋላቸው የቆመው አዛዥ መርማሪዋን በክርኑ ጎሰም አደረጋት። ሁለተኛ ተጠርጣሪ ማግኘቱ ደስ አሰኝቶታል።

ሬሳው ከተነሳ በኋላ መርማሪዋ የጋራዡን መካኒክ ጠራችና ሞተሩን እንዲያስነሳ ነገረችው። ከዚያ ትንፋሿን ሰብስባ እስከ ኋላው ወንበር ሄደች። መጀመሪያ የሸተታት ሙጫ ነው፤ ቀጥሎ ቀለም፤ ቀጥሎ አዲስ ፕላስቲክ። አልቸኮለችም። ከሁሉም በታች፣ ስስ ሆኖ፣ ጭስ አለ።

«ጭስ ይገባል» አለች።

መካኒኩ ደነገጠ። ሰፊ ትከሻ ያለው፣ ዓይኑ ቶሎ እንባ የሚያቀርር ሰው ነው። «ቧንቧው መሰንጠቁን አውቃለሁ። ጽፌ አስታውቄአለሁ፤ ይኸው!» ከኪሱ አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት አወጣ። ከሥሩ በቀይ «ከምረቃው በኋላ ይታያል» የሚል ጽሑፍና የሟቹ ፊርማ አለ። «ግን ጭሱ ወደ ውስጥ መግባት የለበትም። የሞተሩ ክዳን እዚህ ወንበር ሥር ነው፤ ዙሪያውን በወፍራም ጎማ ይዘጋል። ጎማው እስካለ ጭሱ ወደ ውጭ ነው የሚሄደው። ሙከራ ባለ ቁጥር ጠዋት መቀመጫውን አንስቼ አየዋለሁ፤ ዛሬም አይቼዋለሁ።»

«ይህን ልማድህን ሰው ያውቃል?»

«ጋራዡ ሁሉ ያውቃል። ወረቀቱንም ቢሆን ለሁሉም አሳይቻለሁ፤ ሰሚ አላገኘሁም እንጂ።»

«እስቲ እንደ ጠዋቱ አድርገህ አሁን እየው።»

መቀመጫውን አነሳው። የብረቱን ክዳን ጠርዝ ጥቁር ነገር ከቦታል። «ይኸው ጎማው፣ አልተነካም» አለ።

መርማሪዋ ጎንበስ ብላ ጥቁሩን ነገር በሁለት ጣቶቿ ቆነጠጠችው። ጫፉን ገልብጣ አየችው። ቀና አለች፤ ፊቷ አመድ መስሏል። አፏን ይዛ ሮጣ ወረደችና ከጎማ ክምሩ ጀርባ አስመለሰች።

«ሥራ ላይ ናት» አለ አዛዡ ለሐኪሙ።

ወንበር ሰፊው ከጋራዡ ጥግ፣ ከስፌት መኪናቸው ኋላ ተቀምጠዋል። ሽበታም፣ ጸጥ ያሉ ሰው ናቸው። ወጣቶቹ «አባባ መርፌ» ይሏቸዋል። ጭናቸው ላይ ግራጫ የወንበር ልብስ ዘርግተው ጠርዙን ወደ ውስጥ አጥፈው በእጃቸው ይቀመቅማሉ።

«ይቀመጡ፣ ልጄ። ፊትዎ ልክ አይደለም። ውኃ ላምጣ?»

«አመሰግናለሁ፣ አባባ፤ ተሻለኝ። ከመጡ ቆዩ?»

«ሁለት ዓመት ከመንፈቅ። ፊት የራሴ ሱቅ ነበረኝ፤ ሶፋ እሰፋ ነበር።»

«ለምን ዘጉት?»

«የሀብታም ሶፋ ማንንም አይገድልም፣ ማንንም አያድንም። ሕዝብ የሚቀመጥበትን ነገር ልሥራ ብዬ ነው። የኋላውን ወንበር አይተውታል? ስፖንጁን ወፈር አደርገዋለሁ። የደከመው ሁሉ ሮጦ የሚሄደው ወደዚያ ነው።»

«አውቶቡሶቹ ላይ ጥቁር ክር ይጠቀማሉ?»

«በግራጫ ልብስ ላይ? ኧረ ምን ቆርጦኝ!»

መርማሪዋ የያዙትን ልብስ አነሳች። «ይኼ የሚቀመቅሙት ጠርዝ እኮ እንጨቱ ላይ ተመትቶ የሚቀር ነው። ማን ያየዋል?»

«እኔ አየዋለሁ» አሉ ሽማግሌው። «ያልተቀመቀመ ጠርዝ ትቼ ከተነሳሁ እንቅልፍ አይወስደኝም። ሕመም ነው ይበሉት።» ክሩን ሳብ አደረጉና፣ «ያቺ ልጅ ትፈታለች፣ አይደል?» ብለው ጠየቁ።

«አሥር ሰዓት ላይ ፍርድ ቤት ትቀርባለች። ልጇ ምሳ ሰዓት ሳትጠባ ቀርታለች።»

መርፌው ቆመ። ከዚያ እንደገና ቀጠለ።

መርማሪዋ ወደ ግቢው ወጥታ መዝገብ ቤት ደወለች። የሰባት ቁጥርን አደጋ መዝገብ ፈልገው አንድ መስመር ብቻ እንዲያነቡላት ጠየቀች። መልሱ ሲመጣ ዘጠኝ ተኩል ሆኗል።

ሁሉም ወደዚያው አውቶቡስ እንዲገቡ ተደረገ። መካኒኩ፣ ሹፌሩ፣ ወንበር ሰፊው፣ ካቴና የታሰረችው ጽዳት ሠራተኛና አዛዡ በየወንበሩ ሲቀመጡ ፕላስቲኩ ተንኮሻኮሸ። ሞተሩ ጠፍቷል፤ መስኮቶቹ በሙሉ ተከፍተዋል። መርማሪዋ ብቻ መሐል ላይ ቆማለች።

«አሳጥረዋለሁ፤ ብዙ ከቆየሁ ያስመልሰኛል» አለች። «የገደለው በረኪና አይደለም። ጠርሙሱ እሽግ ነው። የገደለው የዚህ አውቶቡስ የሞተር ጭስ ነው፤ ነገ ሐኪሙ በወረቀት ያረጋግጥላችኋል። ጭሱ ስንጥቅ ቧንቧ አግኝቶ ወጣ። ቧንቧው እንዳይጠገን ያዘዘው ሟቹ ራሱ ነው። ጎማው ክዳኑን ስለሚዘጋው ተማምኖ ተኛ።»

«ጎማው አለ እኮ!» አለ መካኒኩ።

«የለም። ዛሬ ጠዋት ያየኸው ይኼን ነው።» ከክዳኑ ጠርዝ የፈታችውን ጥቁር ቀጭን ነገር ከኪሷ አውጥታ ጨመቀችው፤ ጭብጧ ውስጥ ገባ፤ ስትለቀው ተነፋ። «በጥቁር ጨርቅ የተሸፈነ ስፖንጅ ነው። ከላይ ሲያዩት ጎማ ይመስላል። ጭስ ግን እንደ ወንፊት ያሳልፋል።»

መካኒኩ አንገቱን አስግጎ አየው።

«አሁን ተከተሉኝ። ገዳዩ ጎማውን አውጥቶ ቢሄድ ይበቃው ነበር። ለምን አስመሳይ ሠርቶ ተካበት? መካኒኩ ጠዋት እንደሚያይ ስለሚያውቅ ነው። መካኒኩ ራሱ ገዳይ ቢሆን ማንን ለማታለል ይደክማል? ራሱን? ስለዚህ እሱ አይደለም። አስመሳዩ የተሰፋው በጥቁር ክር ነው፤ የተቆራረጠውም ክር ወለሉ ላይ ቀርቷል። ጽዳቷ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ስትጠርግ አልነበረም፤ ጠዋት ግን ነበር። የራሷ ቢሆን ሥራዋን የሚያሳጣትን ክር ትታ አትሄድም፤ መጥረጊያው እጇ ላይ ነው። እሷም አይደለችም።»

አዛዡ ወደ ሹፌሩ ዞረ።

«እኔን አትየኝ!» አለ ሹፌሩ።

«እሱ የበቀል ምክንያት አለው» አለች መርማሪዋ። «ግን የኮቱን ቁልፍ እዩት። ቁልፉን በሽቦ የሚያስር ሰው ይኼን ሊሰፋ አይችልም። ጫፎቹን ልብ በሉ፤ ታጥፈው ተቀምቅመዋል፤ መጨረሻው ሦስት ጊዜ ተመልሶ ተሰፍቷል። ክዳን ሥር ለሚቀር፣ አንድ ቀን ብቻ ለሚያገለግል ነገር! ማንም የማያየውን ጠርዝ የሚቀመቅም ሰው በዚህ ጋራዥ ውስጥ አንድ ብቻ ነው። ምክንያቱን አላውቀውም ነበር፤ መዝገብ ቤት ደወልኩ። በሰባት ቁጥር የሞተችው ተማሪ አባት ሥራ፦ ሶፋ ሰፊ።»

ሹፌሩ ቀስ ብሎ ወደ ሽማግሌው ዞረ። ሹፌሩ ከእስር ከወጣ ጀምሮ አብረው ምሳ በልተዋል። «አባባ፣ ያቺ ልጅ... የእርስዎ ነበረች?»

«የኔ ናት» አሉ ወንበር ሰፊው። «ጎማው ጠረጴዛዬ ሥር ነው፤ ጠቅልዬ አስቀምጬዋለሁ። ዛሬ ሠራተኛው ሲወጣ ልመልሰው ነበር። ለተሳፋሪ አይደለም የሰፋሁት፤ ለእሱ ነው።»

«እዚህ የመጡት ሊገድሉት ነው?» አለች መርማሪዋ።

«ፊቱን ላየው ነው የመጣሁት። ያፍራል፣ ይለምናል፣ ቢያንስ ይማራል ብዬ ጠበቅኩ። ሁለት ዓመት ከመንፈቅ እየሰፋሁ ጠበቅኩ። ባለፈው ሳምንት ይኼ መካኒክ ያቺን ወረቀት እያለቀሰ አሳየኝ። ‹ከምረቃው በኋላ ይታያል።› የእኔንም ልጅ የገደላት ቀዳዳ ምንጣፍ ነበር የለበሰው። ቧንቧውን አስጠግኖት ቢሆን ኖሮ የእኔ ስፌት ምን ያደርገው ነበር? ምንም! በራሱ ጭስ ነው የሞተው።» እጆቻቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። «ሞተሩ ሲነሳ እዚያ ጥግ ነበርኩ። አንድ ሰዓት ሙሉ ሰማሁት። ተነስቼ ላጠፋው እችል ነበር። አላጠፋሁትም። እሷ የተነፈሰችውን ይተንፍስ አልኩ። እሷ በተኛችበት ይተኛ አልኩ። ደስ አለኝ፣ ልጄ። አልዋሽዎትም፤ አንጀቴ ነው የራሰው። ነገም ጠይቁኝ፤ አልጸጸትም።»

መካኒኩ ፊቱን በእጆቹ ሸፍኖ አለቀሰ። አዛዡ ጉሮሮውን ጠረገና፣ «ነገ ታዲያ ምረቃው...» ብሎ ጀመረ።

«አሥራ ሁለቱም ቧንቧቸው ሳይታይ አንድ ጎማ አይንቀሳቀስም» አለች መርማሪዋ። «ወረቀቱ እኔ ጋ ነው። አሁን እሷን ፍታት።»

ካቴናው ተከፈተ። ጽዳት ሠራተኛዋ የእጅ አንጓዋን አሸት አሸት አድርጋ ተነሳች። ሁሉም ወደ በሩ የምትሮጥ መስሏቸው መንገድ ለቀቁላት። እሷ ግን ሽማግሌው ፊት ሄዳ ቆመች። ደረቷ እንደረጠበ ነው።

«አባባ፣ እሱ ልጅዎን ገደለ፤ እርስዎም ገደሉት» አለች። «እኔ በእርስዎ ቦታ ብሆን ምን እንደማደርግ እግዜር ነው የሚያውቀው። አልፈርድም። ግን እጄ ሲታሰር አይተዋል። ልጅ እንዳለኝ ያውቃሉ፤ አንገቷን ገና ስታቀና ይዣት መጥቼ እርስዎ ነዎት ያቀፏት። እኔ እዚያ ክፍል ተቀምጬ፣ እሷ ጎረቤት ቤት ስትጮህ፣ እርስዎ ቁጭ ብለው ጠርዝ ይቀመቅሙ ነበር። ልጄ ምን አደረገችዎት?»

ሽማግሌው ቀና አሉ። «ልናገር ነበር፣ ልጄ። አስረው እንዲወስዱሽ አልተውሽም ነበር።»

«መቼ ሊናገሩ?»

ስለ ሟቹ ሲጠየቁ ለሁሉም መልስ ነበራቸው፤ ለዚህ ግን አላዘጋጁም። እሷም አልጠበቀችም። ደረጃውን ወርዳ በአውቶቡሶቹ መሐል እየሮጠች ከግቢው ወጣች። ወንበር ሰፊው በተከፈተው መስኮት በዓይናቸው ሸኟት። ለገደሉት ሰው ያላቀረቀሩት አንገት ተደፋ፤ ፖሊሶቹ ሊያነሷቸው ሲመጡም ቀና አላሉም።